«ክትባቱን ወስዶ ለምን ታመመ?» ስለ ሮታቫይረስና ስለ ዝርያዎቹ

በዛሬው የጤና ርእሳችን ስለ ሕፃናት ተቅማጥና ትውከት፣ በተለይም ሮታቫይረስ ስለሚባለው ተሕዋስና ስለ ልዩ ልዩ ዝርያዎቹ እንነጋገራለን።

ርእሱን የመረጥነው ከእናቶች ደጋግመን በምንሰማው አንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። አንዲት እናት ልጇን በስድስት ሳምንቱና በአስር ሳምንቱ አስከትባ፣ ካርዱን አስሞልታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ልጁ ዓመት ሳይሞላው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ያን ጊዜ «ያስከተብኩት ለዚህ አልነበረም እንዴ? ክትባቱን ወስዶ ለምን ታመመ?» ብላ ትጠይቃለች። መልስ የሚሰጣት ካጣች ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የሚቀጥለውን ልጇን ማስከተብ ትተዋለች። ሁለተኛ፣ ጎረቤት «ጥርስ ሊያወጣ ነው፤ ግግ ነው» ሲላት እሱን ሰምታ ትሄዳለች። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። ስለዚህ ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ተገቢ መልስም ይገባዋል። ወደ መልሱ ለመድረስ ግን በመጀመሪያ ተሕዋሱን ማወቅ ያስፈልገናል።

ሮታቫይረስ ምንድን ነው?

እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሕፃናትን ሆስፒታል ከሚያስገባው ብርቱ ተቅማጥ አብዛኛው መንስኤው ሳይታወቅ ይታለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሩት ቢሾፕ የተባሉ አውስትራሊያዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሜልቦርን ከተማ፣ በተቅማጥ ከታመሙ ሕፃናት ትንሹ አንጀት ላይ ናሙና ወስደው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። በአንጀቱ ሕዋሳት ውስጥ ክብ ቅርጽ ያላቸው፣ ዙሪያቸውን የመንኮራኩር ቸርኬ የመሰለ ነገር የከበባቸው ጥቃቅን ተሕዋስያን ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት ቶማስ ፍሉዌት የተባሉ ሐኪም ተሕዋሱ ሮታቫይረስ እንዲባል ሐሳብ አቀረቡ። ሮታ በላቲን ቋንቋ መንኮራኩር ማለት ነው።

ይህ ቫይረስ ከታመመው ሕፃን ሰገራ ወጥቶ በሌላው ሕፃን አፍ ይገባል። የታመመ ልጅ ሰገራ በአንድ ግራም ውስጥ በብዙ ቢሊዮን የሚቆጠር ቫይረስ ሊይዝ ይችላል፤ ሌላውን ለማሳመም ግን ከመቶ ያነሰ እንኳ ሊበቃ ይችላል። በእጅ፣ በመጫወቻና በዕቃ ላይ ሳይሞት ይቆያል። በዚህም ምክንያት ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት የቧንቧ ውኃና ጥሩ መፀዳጃ ባለበት ሀገር የሚያድገው ልጅም፣ ይህ በሌለበት የሚያድገውም አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይያዙ ነበር።

በመያዝ እኩል ይሁኑ እንጂ በመዳን ግን እኩል አልነበሩም። በአሜሪካ ክትባቱ ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከ55 ሺህ እስከ 70 ሺህ ሕፃናት በዚህ በሽታ ሆስፒታል ይተኙ ነበር፤ የሚሞቱት ግን ከ20 እስከ 60 የሚደርሱ ነበሩ። በዓለም ዙሪያ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ብቻ ወደ 453 ሺህ የሚጠጉ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በሮታቫይረስ እንደሞቱ ተገምቷል። ከዚህ ቁጥር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የተመዘገበው በአምስት ሀገሮች ነበር፤ እነርሱም ሕንድ፣ ናይጄሪያ፣ ፓኪስታን፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎና የእኛዋ ኢትዮጵያ ናቸው። ሕፃናቱን የለያያቸው ሕክምና በሰዓቱ መድረሱና አለመድረሱ ነው።

በሆድ ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት

ቫይረሱ በአፍ ከገባ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በሽታው ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ትውከትና ትኩሳት ይቀድማሉ፤ ከዚያም እንደ ውኃ የቀጠነ ተቅማጥ ይከተላል። ሕመሙ ከሦስት እስከ ስምንት ቀን ሊቆይ ይችላል።

ትንሹ አንጀታችን በውስጥ በኩል እንደ ምንጣፍ ፀጉር ብዙ ጥቃቅን ጣቶች አሉት። ምግብና ውኃ ወደ ደም የሚገባው በእነዚህ ነው። ሮታቫይረስ የጣቶቹን ጫፍ ሕዋሳት ያጠፋል፤ በዚህም የመምጠጥ ኃይላቸው ይቀንሳል። በተጨማሪም ኤንኤስፒ4 የተባለ ፕሮቲኑ እንደ መርዝ ሆኖ አንጀቱ ከሰውነት ውኃና ጨው ወደ ውጭ እንዲያፈስ ያደርጋል። ይህ የፕሮቲኑ ጠባይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እንግዲህ የሚገባው ቀንሶ የሚወጣው ሲጨምር የሕፃኑ ትንሽ ሰውነት በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። ሕፃናቱን የሚገድላቸው ይኸው ድርቀት ነው።

ዝርያዎቹ፦ ስም ከነአባት ስም

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንምጣ። ሮታቫይረስ አንድ ወጥ ተሕዋስ አይደለም፤ ብዙ ዝርያዎች አሉት። ቫይረሱ ሦስት ድርብርብ የፕሮቲን ልባስ ሲኖረው፣ በመካከሉ በ11 ቁራጭ የተከፋፈለ አር ኤን ኤ የተባለ የዘር መመሪያ ይዟል። በውጭኛው ልባስ ላይ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ። አንደኛው ቪፒ7 ሲሆን የልባሱን ገጽ የሚሸፍን ነው። ሁለተኛው ቪፒ4 ሲሆን እንደ እሾህ ተቀስሮ የወጣ ነው፤ ቫይረሱ በአንጀት ሕዋስ ላይ የሚጣበቀው በዚህኛው ነው። የሰውነታችን የመከላከያ ኃይልም በዋናነት ለይቶ የሚያውቃቸው እነዚህን ሁለቱን ነው። ሳይንቲስቶች በመጀመሪያው ፕሮቲን የተለየውን ዓይነት «ጂ»፣ በሁለተኛው የተለየውን «ፒ» ብለው ቁጥር ይሰጡታል።

ይህን ለመረዳት የእኛን የስም አጠራር ማሰብ ይበቃል። በእኛ ዘንድ ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይለያል። አህመድ ብቻ ቢባል በአንድ ቀበሌ ብዙ አህመድ አለ፤ አህመድ ሰዒድና አህመድ ኑሩ ሲባል ግን ይታወቃሉ። ልክ እንደዚሁ ጂ3ፒ8 እና ጂ3ፒ6 የሚባሉት ዝርያዎች በአንድ በኩል ተመሳሳይ፣ በሌላ በኩል የተለያዩ ናቸው። በሰውና በእንስሳት ላይ እስካሁን ከ40 በላይ የጂ፣ ከ55 በላይ የፒ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ሕፃናትን ከሚያሳምመው ውስጥ አብዛኛውን ድርሻ የያዙት ስድስት ናቸው፤ እነርሱም ጂ1ፒ8፣ ጂ2ፒ4፣ ጂ3ፒ8፣ ጂ4ፒ8፣ ጂ9ፒ8 እና ጂ12ፒ8 ናቸው። በአፍሪካ ግን ከእነዚህ ሌላ ጂ8 እና ፒ6 ያለባቸው ዝርያዎች ከሌላው ዓለም ይልቅ በብዛት ይታያሉ። ጂ3ፒ6 የተባለው በኢትዮጵያ ሕፃናትም ላይ ተገኝቷል።

ፒ6 በአፍሪካ ለምን በዛ? ከምክንያቶቹ አንዱ በእኛው ሰውነት ውስጥ ያለ ነው። እሾህ የመሰለው ፕሮቲን በአንጀት ሕዋስ ላይ ካሉ፣ ከደም ዓይነት ጋር ከሚዛመዱ የስኳር ዓይነቶች ጋር ይጣበቃል። እነዚህ ስኳሮች ከሰው ሰው በውርስ ይለያያሉ። ፒ8 በቀላሉ የማይዛቸው አንዳንድ ሕፃናት ለፒ6 የተጋለጡ ናቸው፤ እንዲህ ያሉ ሕፃናት ደግሞ በአፍሪካ ከሌላው አካባቢ ይበልጥ ይገኛሉ።

አዲስ ዝርያ እንዴት ይወለዳል?

የዘር መመሪያው በ11 ቁራጭ መከፋፈሉን ልብ እንበል። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አንዱን የአንጀት ሕዋስ በአንድ ጊዜ ሊይዙት ይችላሉ። ያን ጊዜ ቁራጮቻቸው ይቀላቀላሉ። በአንድ ክፍል ያደሩ ሁለት እንግዶች በጨለማ ተነሥተው ሲለብሱ አንዱ የራሱን ሱሪ ከሌላው ኮት ጋር ለብሶ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ከዚያ ሕዋስ የሚወጣውም ቫይረስ ከሁለቱ የተውጣጣ ይሆናል። ከላምና ከአሳማ ቫይረሶች የመጡ ቁራጮችም አንዳንድ ጊዜ በሰው ቫይረስ ውስጥ ተቀላቅለው ተገኝተዋል። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ቁራጭ በራሱ ጥቂት በጥቂት ይለወጣል።

በመሆኑም የዝርያዎቹ ድርሻ ከሀገር ሀገር፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ቀድሞ እምብዛም የማይታይ የነበረው ጂ9 ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ፣ ጂ12 ደግሞ ከ2000 ዓመተ ልደት በኋላ በዓለም ዙሪያ ተሰራጭተዋል። በብዙ ሀገሮች ያሉ ላቦራቶሪዎች የታመሙ ሕፃናትን ሰገራ እየመረመሩ ዝርያ የሚቆጥሩት ይህን ለውጥ ለመከታተል ነው።

ታዲያ ክትባት ይህን ሁሉ ዝርያ እንዴት ይችለዋል?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ መጀመሪያ የተገኘው ከበሽታው ከራሱ ነው። በሜክሲኮ 200 ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመታቸው የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት አለ። በጥናቱ አንድ ጊዜ በሮታቫይረስ የተያዘ ሕፃን በኋላ ከሚመጣ ብርቱ የሮታቫይረስ ተቅማጥ 87 በመቶ ተጠብቆ ተገኘ። ሁለት ጊዜ የተያዙት ደግሞ አንዳቸውም ዳግመኛ በብርቱ አልታመሙም። ቀላል ሕመም ግን መደጋገሙ አልቀረም። ከዚህ የምንረዳው የሰውነት መከላከያ ከአንዱ ዝርያ የተማረው ለሌሎቹም በከፊል እንደሚያገለግለው ነው፤ የሚያገለግለውም ከሁሉ በላይ ብርቱውን ሕመም ለመመለስ ነው።

ክትባቱ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የተዳከመ ቫይረስ በአፍ ጠብ ይደረግለታል፤ ሰውነት ሳይሠቃይ ትምህርቱን ያገኛል። ሮታሪክስ የተባለው ክትባት የተዳከመ የሰው ጂ1ፒ8 ዝርያ ነው። ሮታቴክ የተባለው ከላም የተገኘ ቫይረስን መሠረት አድርጎ የጂ1፣ ጂ2፣ ጂ3፣ ጂ4 እና ፒ8 ምልክቶችን እንዲይዝ የተሠራ ነው። በሕንድ የተሠሩት ሮታቫክና ሮታሲልም እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅትን የጥራት ማረጋገጫ አግኝተዋል። ድርጅቱ ክትባቱ በሁሉም ሀገሮች እንዲሰጥ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ) በመደበኛ የክትባት ፕሮግራሟ ውስጥ አስገብታዋለች።

እዚህ ላይ ሳንሸፍን መናገር ያለብን ነገር አለ። ክትባቱ በድሃ ሀገሮች የሚሰጠው ጥበቃ በሀብታሞቹ ከሚሰጠው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት ክትባቱ በመጀመሪያው የሕይወት ዓመት ከብርቱ የሮታቫይረስ ተቅማጥ በደቡብ አፍሪካ 77 በመቶ ያህል፣ በማላዊ ግን 49 በመቶ ያህል ጠብቋል። በማላዊ የነበሩት ዝርያዎች ብዙና የተለያዩ ነበሩ። ነገር ግን ምክንያቱ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ የምግብ እጥረት፣ በአንጀት ውስጥ የሚመላለሱ ሌሎች ተሕዋስያንና ከእናት የተወረሰ መከላከያም የክትባቱን ሥራ እንደሚቀንሱ ይታሰባል።

«ግማሽ ብቻ ከሆነ ምን ይረባል?» የሚል ካለ ግን የዚያኑ ጥናት ሌላኛውን ቁጥር ይመልከት። ከ100 የተከተቡ ሕፃናት መካከል ክትባቱ በደቡብ አፍሪካ 4 ያህል፣ በማላዊ ደግሞ ወደ 7 የሚጠጉ ብርቱ ሕመሞችን አስቀርቷል። በመቶኛ ያነሰው ክትባት በቁጥር ብዙ ልጆችን አትርፏል፤ ምክንያቱም በሽታው በብዛት ያለው እዚያ ነውና። በዓለም ደረጃም በሮታቫይረስ የሚሞቱ ሕፃናት በ2000 ወደ 528 ሺህ ሲገመቱ በ2013 ወደ 215 ሺህ ወርደዋል። ክትባቱ፣ ሕክምናውና የኑሮው መሻሻል ተባብረው ያመጡት ውጤት ነው።

ስለ ደኅንነቱና ስለ ይዘቱ

ወላጆች ስለ ክትባቱ ጉዳት መጠየቃቸው አይነወርም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደ ሮታሺልድ የሚባል የመጀመሪያ ክትባት ነበር። ከ10 ሺህ ተከታቢዎች በአንዱ ገደማ፣ አንጀት ወደ ራሱ ውስጥ የመግባት አደጋ እንደሚያስከትል ስለታየ በ1999 ከገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጡት ክትባቶች በዚህ ረገድ በጥብቅ ተመርምረዋል። በአንዳንድ ሀገሮች እጅግ አነስተኛ ጭማሪ የታየ ቢሆንም፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካ ሀገሮች ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት ከሮታሪክስ በኋላ የአደጋው መጨመር አልታየበትም። ሆኖም የተከተበ ልጅ በድንገት እያቃሰተ ደጋግሞ ቢያለቅስ፣ ሆዱ ቢነፋ ወይም ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድር ቢወጣው ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ይገባል።

ሌላው ከሙስሊም ወላጆች የሚነሳው የይዘቱ ጥያቄ ነው። ቫይረሱን በላቦራቶሪ ለማሳደግ ከአሳማ የሚገኝ ትራይፕሲን የተባለ ኢንዛይም የሚጠቀሙ አምራቾች አሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ደግሞ በሮታሪክስ ውስጥ የአሳማ ቫይረስ ቅሪት በመገኘቱ በአሜሪካ ለጊዜው ቆሞ፣ ሰውን እንደማይጎዳ ከተረጋገጠ በኋላ በግንቦት ተመልሷል። ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን በተመሳሳይ ጉዳይ፣ ማለትም በአፍ በሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ላይ፣ የአውሮፓ የፈትዋና የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ተጠይቆ መጠቀም እንደሚፈቀድ መልስ መስጠቱን እናስታውሳለን። የሚያጠራጥረው ወላጅ ጥርጣሬውን ይዞ ልጁን ሳያስከትብ ከሚቀር ይልቅ ወደሚያምናቸው ዑለማዎች ሄዶ እንዲጠይቅ እንመክራለን።

ጥርስ ወይስ ቫይረስ?

ሮታቫይረስ በብርቱ የሚያጠቃው ከሦስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያሉትን ነው። ጥርስ የሚበቅለውም በዚሁ ዕድሜ ነው። ሁለቱ በአንድ ወቅት ስለተገናኙ አባቶቻችንና እናቶቻችን ተቅማጡን በጥርስ አሳበቡ። ልጁ ድዱ ሲበላው ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ በዚያም ቫይረሱ ይገባል እንጂ ጥርስ በራሱ እንዲህ ያለ ብርቱ ተቅማጥ አያመጣም። «ግግ» ብሎ ድድን መፈልፈልና እንጥል ማስቆረጥ ተቅማጡን አያቆመውም። በውኃ ጥም የደከመን ሕፃን ያደማዋል፣ ለሌላ ተሕዋስ ያጋልጠዋል፤ ከሁሉም በላይ ሕይወቱ የምትተርፍበትን ሰዓት ያባክንበታል።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ዝርያው ጂ1 ይሁን ጂ12 የቤት ውስጥ እርዳታው አንድ ነው፤ የወጣውን ውኃና ጨው መተካት። አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ መበጥበጥ ያስፈልጋል። በአነስተኛ ውኃ ማወፈርም በብዙ ውኃ ማቅጠንም ልክ አይደለም። ቫይረሱ አንጀትን ቢጎዳም ስኳርና ጨው አብረው ሲገቡ ውኃን ይዘው የሚያልፉበት በር ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የኦ.አር.ኤስ. ጥቅም ይኸው ነው። ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ የውኃ ብርጭቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መስጠት ነው። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ያህል ታግሦ እንደገና ቀስ ብሎ መጀመር ይቻላል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ይደፋ።

ጡት ማጥባት አይቋረጥ። ቁርኣን ስለ ሁለት ሙሉ ዓመት ጡት ማጥባት መናገሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ በሕመም ጊዜ ደግሞ የጡት ወተት ውኃም ምግብም ነው። ምግብ መከልከል ልጁን ያደክመዋል። ዚንክ የተባለው እንክብል ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በላይ ለሆኑት በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ለታናናሾቹ 10 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መስጠት አይገባም።

ዓይኑ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ አፉ ከደረቀ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የሰጡትን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ግድ ነው። በመንገድም ላይ ኦ.አር.ኤሱን እየሰጡ መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለስ

እንግዲህ «ክትባቱን ወስዶ ለምን ታመመ?» ላለችው እህታችን መልሳችን የሚከተለው ነው። ምናልባት ያመመው ሮታቫይረስ አይደለም፤ ሕፃናትን የሚያስቀምጡ ሌሎች ቫይረሶችና ባክቴሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ይህ ክትባት ለእነርሱ አልተሠራም። ሮታቫይረስም ከሆነ ክትባቱ ከሁሉ በላይ የሚከለክለው ብርቱውን ሕመም ነው። ልጅሽ ሁለት ቀን አስቀምጦት ከተነሣ፣ ሳይከተብ ቢሆን ኖሮ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሊያድር የሚችል ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም፤ የዳነው ሕመም ምልክት አይተውምና። ክትባቱ በእኛ አካባቢ ጥበቃው ሙሉ ስላልሆነም፣ ካርዱ ቢሞላም ኦ.አር.ኤሱና ዚንኩ ከቤት አይጥፋ፤ የእጅ መታጠቡም አይቅር። የሚቀጥለው ልጅሽም በስድስት ሳምንቱ ቀጠሮው አይለፈው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትንም ይማርልን። በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።